የምናለን ወሰን የገፋሁ ጊዜ

ሰው ቢጠላህ መንገድ ትቀይራለህ፣ ቢሰድብህ ትመልሳለህ፣ ቢከስህ ትሟገታለህ። ሲያዝንልህስ ምን ታደርጋለህ? እኔ ደምሌ ይህን ጥያቄ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳኝከው ኖርሁ። ከአርብ ገበያ በታች፣ በኪዳነ ምሕረት አጥቢያ፣ የኔን ያህል የታዘነለት ሰው አልነበረም። ሕፃን እንኳ ሲያየኝ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር።

ነገሩ የተነሣው ከአያ ፈንታ ቤት ነው። አያ ፈንታ ጎረቤቴም ቅንጃዬም ነው። እኔ ወይኖ የሚባል አንድ በሬ አለኝ፤ እሱም ቦራ የሚባል አንድ በሬ አለው። ሁለቱን አቀናጅተን አንድ ቀን የኔን፣ አንድ ቀን የሱን መሬት እናርሳለን። ካቻምና በሚያዝያ አዲስ ቤት ሊያቆም ደቦ ጠራና ሄድን። እኔ ከታች ቆሜ እንጨት ሳቀብል አንድ ግንድ ከላይ አምልጦ ራሴ ላይ አረፈ። ይህን የነገሩኝ ሰዎች ናቸው። እኔ የማስታውሰው ኪሴ ውስጥ ሚስማር እንደነበረኝ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ባሕር ዳር ሆስፒታል ተኝቼ፣ ባለቤቴ ውዴ እግሬን ይዛ ስታለቅስ ነው።

ተርፌ መጣሁ። እግሬ ይሄዳል። አፌም ይኸው እንደምትሰሙት ነው፤ ውዴ “ከሁሉ አፍህን ብቻ ማረልህ” ትለኛለች። የጠፋብኝ ግራዬ ነው። ዓይኔ አልታወረም፣ ሐኪሞቹ ደጋግመው አይተውታል። ግን በግራ በኩል ያለ ነገር ለኔ እንዳልተፈጠረ ነው። ከገበታው የቀኙን በልቼ እነሣለሁ፤ ውዴ ትሪውን ስታዞረው አዲስ እንጀራ የመጣ ይመስለኛል። ጋቢዬ በግራ ተንሸራቶ መሬት ሲጠርግ አላውቅም። አንድ ሰንበት አንድ እግሬን ብቻ ተጫምቼ ቤተ ክርስቲያን ደርሻለሁ። ሰው ግራ ገባኝ ይላል፤ እኔ ደግሞ ግራው ወጣብኝ። በዚያ ላይ ቶሎ ይደክመኛል፣ ጫጫታ ራሴን ይፈልጠዋል፣ ቁጣዬም ከድሮው ብሷል። ድሮም ደግ አልነበርሁም።

የከፋው ሰላምታው ነው። በኛ አገር ሰላም ያላልኸው ሰው የተጣላኸው ሰው ነው። ሰው በግራዬ ይመጣና “ደምሌ፣ እንዴት አደርህ” ይላል። ድምፁን እሰማለሁ፣ ወደ ቀኝ እዞራለሁ፣ ሰው አጣለሁ፣ መንገዴን እቀጥላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ኮራብን አሉኝ፤ አንዷማ ምን በደልሁት ብላ ሽማግሌ ልካለች። ኋላ ነገሩ ሲገባቸው ባሰ። “ተዉት፣ እሱ ምን ያውቃል” ተባለና ሰላምታውም ቀረ። እኔ ኩሩ ብባል ይሻለኝ ነበር።

አያ ፈንታ ግንዱን በገዛ እጁ የወረወረው ያህል ነው ያዘነው። ተነሥቶ መሬቴን ያርሳል፣ ይዘራል፣ ያጭዳል። ውቂያ ሲደርስ ወንፈሉን ይዞልኝ ይመጣል። ወንፈል ማለት ጉልበት በጉልበት ነው፤ ዛሬ ካንተ አውድማ፣ ነገ ከኔ። ወደኔ ሲመጡ ሁሉም ይመጣሉ። እኔ ወደነሱ ስሄድ ግን “አንተ እረፍ” ብለው ጥላ ሥር ያስቀምጡኛል። እኩዮቼ መንሽ ይዘው እህል ሲያገላብጡ እኔ ከአሮጊቶቹ ጋር ተቀምጬ ጠላ እጠጣለሁ። በኋላ በኋላ ጠላው ራሱ አልወርድ አለኝ።

ቤትም ያው ነው። ውዴ ማረሻውን ቆጥ ላይ ሰቀለችው፣ መጥረቢያውን ለእህቷ አዋሰችው። አንድ ጊዜ ከመንገድ ላይ ሕመሙ ጥሎኝ አረፋ ደፍቄ ነበርና ከዚያ ወዲህ ከዓይኗ መራቅ የለም። ሽንት ቤት ትንሽ ከቆየሁ “ደምሌ፣ አለህ?” እያለች ትጣራለች። አለሁ እላታለሁ። ምን ላድርጋት፣ ፍርሃቷ ከፍቅር ነው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል፤ መድኃኒት ሲበዛ እንደሚመርዝ ግን የሚናገር የለም።

ንፋስ መውጫ ሐረገ ወይን የምትባል ልጅ አለች። እንደኔ ያሉትን፣ ራሳቸውን ተመትተው እጅ እግራቸው ወይ ሐሳባቸው አልታዘዝ ያላቸውን፣ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ የምታለማምድ ናት። ሚኒባስ ተሳፍረን ወደሷ ስንሄድ እንደሌሎቹ ትከሻዬን አልደባበሰችኝም። ብርጭቆ በግራዬ አስቀምጣ “ያንሡት” አለችኝ። አላገኘሁትም። “የለም” ብዬ ተቆጣሁ። እሷም እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

“ጋሼ ደምሌ” አለችኝ፣ “ግራዎ በራሱ አይመጣልዎትም። እርስዎ ሄደው ይፈልጉት።” ቀይ ክር በግራ እጄ አንጓ ላይ አሰረችልኝ። ማንኛውንም ነገር ከመጀመሬ በፊት ክሩን እንድፈልግ፣ ካገኘሁት በኋላ ዓይኔን ከዚያ አስነሥቼ ቀስ እያልሁ ወደ ቀኝ እንዳመጣ አስተማረችኝ። ለውዴም ነገረቻት፤ “ሥራ ይስጧቸው። ከቀላሉ ይጀምሩ፣ ሰውም አጠገባቸው ይሁን። ይሳሳታሉ፤ ካልተሳሳቱ ግን የጎደላቸውን አያውቁትም።” ውዴ አንገቷን ነቅንቃ እሺ አለች። ቤት ስንደርስ ማረሻውን ከቆጡ አውርዳ እናቷ ቤት ወስዳ ደበቀችው።

በሰኔ አያ ፈንታና የውዴ ወንድም ቤቴ ተቀምጠው መከሩ። ከመጪው ዓመት ጀምሮ መሬቴ ለአያ ፈንታ በእኩል እንዲሰጥ፣ እሱ አርሶ ምርቱን ለሁለት እንድንካፈል፣ ወይኖም እንዲሸጥ። ለቦራ የሚቀናጅ ወይፈን የአያ ፈንታ ልጅ አሳድጓል። “አንተም ከሐሳቡ ትገላገላለህ” አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። እኔ ጮኼ እምቢ አልሁ። ሕመሙ እንዳይነሣብኝ ፈርተው “በል እሺ፣ ውቂያው እስኪያልቅ ይቆይ” ብለው ተነሡ። መሬቱን በእኩል የሰጠ ሰው ሞልቷል፣ እሱ አላሳፈረኝም። በሬውን ሸጦ፣ ወንፈሉን ትቶ የሚቀመጥ የኔ እኩያ ግን የለም። ወይኖ ከተሸጠ እስክሞት ያችው ጥላ ሥር ነኝ ማለት ነው።

በሐምሌ አንድ ዓርብ አያ ፈንታ ገበያ ወጣ። ውዴም ጨው ልትገዛ አብራ ሄደች፤ እኔን አንዲት ጎረቤት እንድታይላት አደራ ብላ ነው። ጎረቤቷ እንቅልፍ ወሰዳት። በሬዎቹ ከኔ በረት ነበሩ፣ የአያ ፈንታ ሞፈር ከነማረሻው ደጄ ላይ ተጋድሟል። ሲያቀብጠኝ ጠመድሁ። ቀንበሩን ጫንቃቸው ላይ ሳደርግ እጄ ሁሉን አስታወሰው፣ ማነቆው የት እንደሚገባ እንኳ አልጠፋኝም። እርፉን ይዤ መሬቱ ሲሰነጠቅ ሳይ አለቀስሁ። ወይኖን እያሞገስሁ፣ ቦራን እየሰደብሁ፣ ሄድሁ መጣሁ። ቀዩ ክር የት ትዝ ብሎኝ። ግራ የሚባል ነገር እንዳለም ረሳሁ።

በግራ በኩል የነበረው የምናለ ወሰን ነው። ሣሩን ገለበጥሁት፣ የወሰኑን ድንጋይ ነቀልሁት፣ አልፌም ባቄላው ውስጥ ገባሁ። አበባ የያዘ ባቄላ ነበር። ብዙ ትልም ካወጣሁ በኋላ ምናለ ከላይ ሲወርድ አየሁት፣ ደግነቱ በቀኜ መጣ። ምናለን ለማያውቀው ልንገር። ዶሮ አጥሬን ዘለለች ብሎ የአጎቱን ልጅ ሽማግሌ ፊት ያቆመ ሰው ነው። በወሰን ደግሞ እዚህ አገር ወንድም ከወንድሙ ደም ይቃባል። ጅራፌን ጥዬ ቆምሁ።

ባቄላውን አየ። ድንጋዩን አየ። ከዚያ እኔን አየኝና ፊቱ ላይ የነበረው ሁሉ እንደ አመድ ቀዘቀዘ።

“ምንም አይደል” አለኝ።

በሬዎቹን ራሱ ፈታልኝ። እጄን ይዞ ቤቴ አደረሰኝ፣ ውዴ እስክትመጣ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ስትመጣም “አደራ እንዳትቆጪው” ብሏት ሄደ። እሷም አልተቆጣችኝም። በማግስቱ አያ ፈንታ ድንጋዩን ከቦታው መልሶ ተከለ፣ ምናለንም በባቄላው ምትክ ከጎተራዬ ልስጥህ አለው። ምናለ አልቀበልም ብሎ ማለ። ሁሉም ደግ ሆኑ። ያን ሰሞን ቤቴ ተዘግቼ ሳስብ ነገሩ ፍንትው አለልኝ። ከብት እህል ቢያጠፋ የሚከሰሰው የከብቱ ጌታ ነው እንጂ ከብቱ አይከሰስም። እኔን ከከብቱ ቆጥረውኛል። የሰው ወሰን ገፍቼ የማልከሰስ ፍጡር ሆኛለሁ።

መስከረም አለፈ፣ ጥቅምት ገባ፣ አጨዳው ተጀመረ። ውቂያው ሊደርስ ነው፤ ካለፈ ወይኖም አለፈ። አንድ ጠዋት ውዴ በግራ የቀረውን እንጀራ ወደ ቀኜ ስታዞርልኝ “ከምናለ ጋር መካሰስ እፈልጋለሁ” አልኋት።

“ምን አደረገህ?”

“ምንም። ምንም አለማድረጉ ነው የከነከነኝ። እሱ ይክሰሰኝ።”

አየችኝና ሳቀች። ከታመምሁ ወዲህ በኔ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። “ታዲያ ሂድና ስለ እመቤታችን ክሰሰኝ በለዋ” አለችኝ። ቀልዷን ነው። እኔ ግን ዱላዬን አንሥቼ ወጣሁ። እሷም ነጠላዋን እየሳበች ተከተለችኝ፤ ኋላ እንደነገረችኝ፣ እንደ ወትሮው በቀኜ መሄድ ትታ በግራዬ ነበር የምትሄደው።

ምናለን ከደጁ አገኘሁት።

“ባቄላህን አጥፍቼብሃለሁ” አልሁት።

“ትቼልሃለሁ አልሁህ እኮ።”

“ለምን ተውህልኝ?”

“ታመሃላ፣ ደምሌ። እንግዲህ ምን ልበል።”

“አያ ፈንታ ቢሆን ኖሮ ትተውለት ነበር?”

“ለፈንታ?” አለና አፉ ቀደመው። “ፈንታማ ቢሆን ያን ዕለት አንገቱን ነበር።”

“እንግዲያው በሕግ አምላክ፣ እኔንም ክሰሰኝ።”

መሬቱን በእግሩ ጫረ። ከዚያ ቀስ ብሎ “ባቄላው እኮ አንጀቴን ነው የበላኝ” አለ። “አበባውን ልጆቼ ሲቆጥሩት ነበር። ድንጋዩንስ ብትል፣ አባቴ የተከለው ድንጋይ። ሰው እንዴት የወሰን ድንጋይ አይታየውም? አንተ ደግሞ ስታርስ ትዘፍን ነበር፤ ከላይ ሆኜ እሰማሃለሁ፣ የኔን ባቄላ እየገለበጥህ ትዘፍናለህ።” ድምፁ እየጨመረ መጣ። ጣቱን አፍንጫዬ ላይ ቀሰረው። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ራሴ እየተፈለጠ ደስ አለኝ።

በእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ወይራ ሥር ለሽምግልና ተቀመጥን። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ መምሬ ገብረ ሚካኤል ናቸው። ምናለ ቆሞ ከሰሰኝ፣ አንድም ነገር አላስቀረም። መምሬ ወደኔ ዞረው “አጥፍተሃል ወይስ አላጠፋህም?” አሉኝ።

“አጥፍቻለሁ አባ።”

“ለፍርዱ ዋስ ጥራ።”

በኛ ደንብ የተፈረደበት ፍርዱን እንዲፈጽም ሰው ዋስ ይቆምለታል። ዋስ የሚቆመው ደግሞ ቃሉን ያከብራል ለሚሉት ሰው ነው። “አያ ፈንታን” አልሁ።

“በሽተኛ ይከሰሳል እንዴ?” የሚል የአያ ፈንታ ድምፅ መጣ። “እናንተስ ሽማግሌ ናችሁ? የሚከፈለውን ንገሩኝ፣ እኔ እከፍላለሁ። እሱን አታስጨንቁት።”

ወደ ቀኝ ዞርሁ፣ የለም። ቁጣዬ እንደ ልማዱ ሊነሣ ሲል እጄን አየሁ። ክሩን ፈለግሁት። ከክሩ ተነሥቼ ዓይኔን ቀስ እያልሁ ሳመጣ አያ ፈንታን አገኘሁት፣ ካጠገቤ ነበር የቆመው። ጠጉሩ ሸብቷል። መቼ እንደሸበተ አላውቅም፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በደንብ አላየሁትም ኖሯል።

“ክፈልልኝ አላልሁህም” አልሁት። “ዋስ ሁነኝ ነው ያልሁህ።”

“ብትወድቅብኝስ ደምሌ? ቃልህን ሰጥተህ ቢያቅትህስ?”

“ካቃተኝ ዋሴ ነህ፣ ይዘህ አምጣኝ። አያ ፈንታ፣ ግንዱን አንተ አልጣልኸውም። ግንዱ አንድ ቀን መታኝ፣ ዳንሁ። አንተ ግን ከዚያ ወዲህ እጅ እግሬን አስረህ አስቀመጥኸኝ። ጨንቆኛል። ፍታኝ።”

አያ ፈንታ በጋቢው አፉን ሸፈነ። መምሬ አላቻኮሉትም። ኋላ ጋቢውን አወረደና “ዋስ ነኝ” አለ። ሽማግሌዎቹ ተነጋግረው ለባቄላው ካሣ የምናለን እህል በውቂያ ቀን ከነበሬዬ እንድወቃ ፈረዱ። አያ ፈንታ አላስችለው አለና “ልጄን ብልክስ?” ሲል ምናለ ከመቀመጫው ተነሣ።

“ያንተን ልጅ አልፈልግም። የገፋው እሱ ነው፣ እሱ ይምጣ።”

በውቂያው ቀን ወይኖን ይዤ ሄድሁ። ስለ ውቂያው ዋሽቼ አላስጎመጃችሁም፤ ጭንቅ ነበር። የምናለ በሬዎች በአውድማው ላይ ወደ ግራ መዞር ነው የለመዱት። እኔ ከኋላቸው ስነዳ እነሱ ወደ ግራ ይታጠፋሉ፣ እኔ ቀጥ ብዬ ከአውድማው እወጣለሁ። አንድ ጊዜ ወጣሁ፣ ሁለተኛም ወጣሁ። ሌሎቹ ጎንበስ ብለው ያላዩ መሰሉ። “አንተ ሰውዬ፣ ወዴት ነው?” አለ ምናለ። “ስንዴው እዚህ ነው እንጂ ገበያ አልወጣም።” አንዱ ሳቀ፣ ሌላውም ሳቀ። ምናለ እየተነጫነጨ በሬዎቹን አስቁሞ ወደ ቀኝ እንዲዞሩ መለሳቸው። በሬዎቹ አሻፈረን አሉ፣ እሱም ወገባቸውን እየመታ አስለመዳቸው። ያን ጊዜ እህሉ፣ በሬው፣ ሰዉ፣ ሁሉም በቀኜ ሆነ። ዞርሁ፣ አልወጣሁም።

ረፋዱ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። ጩኸቱም ራሴን ያዘኝ። “ደከመኝ” አልሁት ምናለን። “ሲደክምህ ተቀመጥ፣ ሲወጣልህ ተነሣ። ቀኑ እንደሆነ አላለቀም” አለኝና ወደ ሥራው ዞረ። ጥላው ያው ጥላ ነው፣ አሮጊቶቹም ያው ናቸው፤ ግን የምነሣ ሰው ሆኜ ተቀመጥሁ። ውዴ ምሳ ይዛ መጥታ ከሩቅ ቆማ ነበር። አለህ ወይ አላለችኝም። ተነሣሁ፣ ደግሞ ደከመኝ፣ ደግሞ ተነሣሁ።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ገለባው ተነሥቶ ስንዴው ብቻ ቀረ። ምናለ ድካሜን አላመሰገነም፤ “የባቄላው ዕዳ አልቋል፣ የዘፈኑ ይቀርሃል” አለና ሌሎቹን አሳቀ። እኔ ወይኖን ልፈታ ጎንበስ እንዳልሁ ሰው “እንዴት ዋልህ” አለኝ። በቀኜ ሰው አጣሁ፤ ድምፁ በግራዬ ነበር ማለት ነው። ክሩን ከመፈለጌ በፊት ሰውየው ዞሮ በቀኜ ቆመ። አያ ፈንታ ነው። ልብሱ ገለባ ለብሷል፣ ቀኑን ሙሉ ከወዲያኛው ጠርዝ መንሽ ይዞ ሲሠራ እንደነበር ያኔ አወቅሁ። አንዴም አንተ እረፍ ሊለኝ አልመጣም ነበር።

ወይኖን ጀርባውን መታ መታ አደረገው። ሊለኝ የፈለገው ነገር አፉ ላይ ቆይቶ ቆይቶ ወጣ።

“ነገ ከኔ አውድማ ነው” አለኝ። “ወይኖን ይዘህ ና። አታርፍድ።”